ሁለት ጊዜ ያጠፋሁት መልእክት

በቴሌግራም ላይ የሰው መልእክት ማጥፋት ቀላል ነው። ጽሑፉን በጣት ጫን አድርጎ መያዝ፣ ማጥፊያውን መንካት፣ ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» ማለት። እኔ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ «አዎ» ብያለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ሸክሙ እንዲቀለኝ ብዬ አይደለም፤ እንደማይቀለኝ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ጠመኔ ጨብጦ ሰው ፊት የሚቆም ካለ፣ እሱ እንዲያነበው ነው የምፈልገው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ሰቆጣ ከተማ ነው፤ ዲፕሎማዬን ይዤ የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ሆኜ የተመደብሁት ግን ከአምደወርቅ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ አንድ የደሃና ወረዳ ቀበሌ ነበር። ሥርዓት የምወድ፣ ምላሴም የማያርፍ ሴት ነበርኩ። ደብተር ላይ የተጣመመ መስመር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ቀይ እስክሪብቶ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ተማሪዎቼ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ትንሿ የእኔ ታላቅ ትሆናለች፤ ትልቁ፣ አያ ኪሮስ፣ ስልሳን ተሻግረዋል። የምንማረው በገበሬ ማሰልጠኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። የትምህርት ቀናችንን የሚወስንልን ደግሞ ቢሮው ሳይሆን ታቦቱ ነበር። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በእሑድ ገበሬው ሞፈር አይነካም፣ ሴቷም አትፈጭም፤ ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ ወደ እኔ ይመጣሉ። አያ ኪሮስ «ሥራ ኃጢአት በሆነበት ቀን ከእርሻ የከፋ ሥራ ታሠሪናለሽ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ችግሩ በበዓልና በበዓል መካከል ያለው ጊዜ ነው። ሚካኤል የተማሩትን እስከ ማርያም ይረሱታል። በጦርነቱ የተቋረጠው ኔትወርክ ወደ አገራችን ከተመለሰ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝና የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትሁላቸው። ዓረብ አገር የሄዱ ልጆቻቸው የላኩላቸው፣ ሰቆጣ ወርደው የገዟቸው ስምንት ስልኮች ነበሩ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ጋር ይጋራል። የኢንተርኔት ጥቅሉን በየወሩ ቢሮው ይልክላቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ገደል አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ላይ ስለሆነ «የኔትወርክ ድንጋይ» ብለነው ነበር። ከገደሉ ማዶ ያሉትም የየራሳቸው አፋፍ አላቸው። ከብት የሚመልስ፣ እንጨት የሚለቅም ሁሉ እዚያ ቆም ብሎ ለእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። «ዛሬ ጤፍ አጨድን።» «ላሜ ወለደች።» «ደኅና ዋልሽ መምህርት።» ያንን ሳነብ የሚሰማኝን ደስታ በምን ልንገራችሁ!

ሕግም አወጣሁ። ድምፅ መላክ ክልክል ነው፤ ድምፅማ ሳይማሩም ነበራቸው ብዬ ማስተላለፊያውን ከግሩፑ ዘጋሁት። በአማርኛ ብቻ ይጻፋል። ተሳስቶ የተጻፈ ይጠፋል፣ ባለቤቱ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። በዞናችን ሕፃናቱ በአገሬው አገውኛ፣ በኽምጣኛ ይማራሉ፤ ለጎልማሶችም በኽምጣኛ የሚሰጥበት ጣቢያ አለ። የእኔ ጣቢያ ግን የአማርኛ ነበር። ምክንያቱን ለሚጠይቀኝ «አማርኛ ቢሮም ገበያም ያስኬዳቸዋል» እላለሁ። ሌላው ምክንያት እኔ ኽምጣኛ አለመቻሌ ነው። አባቴ ተናጋሪ ነበር፤ እናቴ ግን በልጅነታችን «ከተማ ውስጥ ይስቁባችኋል» ብላ ከለከለችን። እኔም አፌ ላይ የቀረው ሰላምታ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጡብኝ ተማሪ እማማ ታደለች ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከገደሉ ማዶ ስድስት ቤት ባለባት መንደር ከልጃቸው ከዝማም ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። የዝማም ባል ለቀን ሥራ ወደ ሑመራ ወርዶ ነበር፤ እሷም ነፍሰ ጡር ናት። እማማ ታደለች አማርኛው ያስቸግራቸዋል፤ ሲናገሩ ቃል ፍለጋ ዓይናቸውን ወደ ጣራው ይሰቅላሉ። ፊደሉን ግን እንደ እሳቸው የወደደ ሰው አላየሁም። የመጀመሪያዋን መልእክት «እኔ ታደለች ነኝ» ብለው የላኩ ቀን፣ ክፍል መጥተው «መምህርት፣ ይሄንን አሁን ሰቆጣ ያለ ሰው ቢያየው እኔ መሆኔን ያውቃል?» አሉኝ። ያውቃል አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ፈገግ እያሉ ዋሉ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። በማግስቱ የማርያም ቀን ነበር፤ ግሩፓችንን አርአያ ብለው ሊያዩ እንግዶች ከዞን ይመጣሉ ተብሎ ተነግሮኛል። እንግዶቹ ስልኬን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች እንደሚያነቡት ስለገባኝ፣ ጠዋት ተነስቼ የኔትወርክ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ግሩፑን እጠርግ ጀመር። የተደጋገመውን፣ የተበላሸውን፣ የአያ ኪሮስን ቀልድ ሁሉ አጠፋሁ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ከእማማ ታደለች መልእክት ገባ። ሁለት መስመር ፊደል ነው፤ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት የለውም። አላነበብሁትም፤ አየሁት ብቻ። ልጅ ስልካቸውን ቢነካባቸው ነው ወይም ዝም ብለው ፊደል ደርድረው ነው ብዬ አጠፋሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ መጣ፤ ይኼኛው ይረዝማል፣ እሱም እንደ መጀመሪያው የተጣበቀ ነው። ንዴት ያዘኝ። በዚህ ቀን፣ እንግዳ ሊመጣ ባለበት፣ ከሁሉ በላይ የተማመንሁባቸው እሳቸው! እሱንም አጠፋሁትና ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «እማማ ታደለች፣ ዝም ብሎ ፊደል መደርደር አይፈቀድም። አስተካክለው በአማርኛ ይጻፉ።» ከዚያ ደግሞ፣ ሦስተኛ እንዳይልኩብኝ፣ እስከ ነገ ድረስ እንዳይጽፉ አገድኋቸው። ይህም የአንድ ንክኪ ሥራ ነው። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ክፍሉን ላሰማምር ወረድሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የተማሪዎቼን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ እየለጠፍሁ ሳለ አያ ኪሮስ በር ላይ ቆሙ። ስልካቸውን እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«መምህርት፣ ይቺ ታደለች ምን ብላ ነው የጻፈችው?» አሉኝ።

«ምንም አላሉም፤ ተሳስተው ነው። አጥፍቼዋለሁ።»

«አልጠፋም እኮ፤ ይኸው።»

«ከግሩፑ ጠፍቷል አያ ኪሮስ።»

«አይ! ጠዋት ዳታውን ከፍቼ ላነበው ስል ከብቶቹ ማሳ ገቡብኝና ጥርቅም አድርጌ ዘግቼው ሮጥሁ። አሁን ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ባየው አለ።»

ገባኝ። ስልካቸው ከኢንተርኔት ስለተቋረጠ እኔ ማጥፋቴን አልሰማም። ሁለተኛው መልእክት እጃቸው ላይ ቀርቷል። ፈገግ ብዬ «እንግዲያው ያንብቡልኝ፤ ምን እንደሚል እንስማ» አልኳቸው። ልቀልድባቸው ነበር።

ጣታቸውን ከፊደሉ ስር አድርገው፣ እኔ እንዳስተማርኋቸው አንድ አንድ እያሉ፣ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ለጆሮዬ ትርጉም የለውም። ግማሽ መስመር እንደሄዱ ቆም አሉ። ወደ ኋላ ተመልሰው ያንኑ ፈጠን አድርገው ደገሙት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«መምህርት… ይሄ እኮ አማርኛ አይደለም። ኽምጣኛ ነው።»

እስከ መጨረሻው አነበቡት። አሁን የሚያነቡ አይመስሉም፤ አንዲት ሴት በእሳቸው አፍ ውስጥ ሆና የምትጮህ ነው የመሰለኝ።

«ምንድነው የሚለው? ይንገሩኝ አያ ኪሮስ!»

«‹ዝማም ከትናንት ጀምራ ምጥ ላይ ናት። ደሙ አልቆም አለ። ወንዶቹ አበርገሌ ለቅሶ ወርደዋል፣ አንድ ወንድ የለም። ቃሬዛ ይዛችሁ ድረሱልኝ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው› ነው የምትለው። የማርያም ያለህ! መቼ ነው የጻፈችው?»

ሦስት ሰዓት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ወረቀት ስለጥፍ ነበር።

አያ ኪሮስ እጃቸውን ወደ ስልኩ መልሰው «ድንጋዩ ጋ ሄጄ ዳታውን ልክፈትና ልመልስላት» ሲሉ «እንዳይነኩት!» ብዬ ጮህሁ። ከከፈቱት ይጠፋል። ለምን እንዳይጠፋ እንደፈለግሁ ያኔ አላወቅሁም። መረጃው እንዲቀር ይሁን፣ ወይስ ዳታው ሲከፈት ድንጋዩ ላይ ሆኜ የጻፍሁትን ተግሣጽ እንዳያዩብኝ ይሁን፣ እግዜር ያውቃል። ወረቀት አንስቼ ፊደል በፊደል ገለበጥሁት።

ከዚያ ወደ ድንጋዩ ሮጥን። እገዳውን አነሳሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ደወልሁላቸው፤ ወደ ቤታቸው ስለወረዱ መስመር አይይዝም። ወደ ጤና ጣቢያው ደወልሁ፤ የአምቡላንስ መኪናው መንገዱ የሚያልቅበት ድረስ መጥቶ እንዲጠብቀን ተነጋገርን። አያ ኪሮስን «የእድሩን ጡሩምባ ያስነፉልኝ፤ ሰው ቶሎ ይሰበሰብ» ብላቸው ተቆጡኝ።

«ጡሩምባ የሬሳ ነው! ገና ሳትሞት ሞት አልጠራባትም» አሉና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ድንጋዩ ላይ ወጥተው እጃቸውን ለአፋቸው ከልለው በኽምጣኛ ተጣሩ። ድምፃቸው ከገደል ገደል ሲሄድ ይሰማኛል። አጫጆቹ ማጭዳቸውን እየጣሉ መጡ። ቃሬዛው ከቤተ ክርስቲያን ወጣ፤ ሰባት ወንዶች፣ አያ ኪሮስና እኔ ቁልቁል ወረድን።

መንገዱን ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። እኔ በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ትድረስልኝ፣ ዝማም ትድረስልኝ። ሌላም ነገር አስብ ነበር፤ ደብቄ አላልፈውም። አያ ኪሮስ መልእክቱ ስህተት መስሎኝ እንዳጠፋሁት ያውቃሉ፤ ስለ እገዳው ግን ማንም አያውቅም። እሱ ባይወጣ እያልሁ እመኝ ነበር።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ከማዶ በኩል ሦስት ሴቶች ሲወርዱ አየን። የጠፍር አልጋ ተሸክመዋል። እማማ ታደለች ከፊት፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸው ከኋላ ናቸው። እርዳታ ሲጠፋ ራሳቸው ተነስተው፣ ወንድ ልጅ ባዶ እጁን የሚያዳልጠውን ቁልቁለት ዝማምን ተሸክመው ወርደዋል። የእማማ ታደለች ትከሻ ተገሽልጦ ቀሚሳቸው ላይ ደም አለ፤ የማን ደም እንደሆነ መለየት አይቻልም። ዝማም ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ወንዶቹ ተሻምተው ወደ ቃሬዛው አዛወሯት። እማማ ታደለች ባዶ እጃቸውን ቆመው እኔን አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«መምህርት፣ ፊደሌ ተሳስቶ ነው አይደል?» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፤ ሁለት ጊዜ ሟሟብኝ። ‹አስተካክለው ይጻፉ› አልሽኝ። ላስተካክል ብል ስልኩ እንቢ አለኝ። የመደወያው ሂሳብ አልቋል። አማርኛው ደግሞ ጠፋብኝ፤ ስጨነቅ ከአፌ ጠፋ። በደንብ ብማር ኖሮ…»

እዚያ ጋ፣ ወንዙ ውስጥ ቆሜ፣ እውነቱን መናገር እችል ነበር።

«ኔትወርኩ ነው እማማ» አልሁ። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ኔትወርኩ ነው።»

የአብዬን ወደ እምዬ ይባላል፤ እኔ ወደ ሰማይ ነው የወረወርሁት። አያ ኪሮስ ዞር ብለው አዩኝና የቃሬዛውን እንጨት ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

ሽቅቡን ሁለት ሰዓት ፈጀብን። እየተፈራረቁ ሲሸከሙ እማማ ታደለች የዝማምን እጅ አልለቀቁም። መኪናው ቆሞ ጠበቀን። አምደወርቅ ስንደርስ ባለሙያዎቹ በሩጫ ተቀበሏት፤ ደሙን ገትተው፣ ግሉኮስ ሰክተው፣ ወዲያው ወደ ሰቆጣ ላኩን። ፀሐይ ስትጠልቅ ሆስፒታል ነበርን። ዝማም ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ አልቅሶ አያውቅም።

አዋላጇ ወጥታ ስትነግረን «እርዳታ የጠየቃችሁት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለች።

«ከሦስት ሰዓት ጀምሬ ጽፌ ነበር» አሉ እማማ ታደለች።

«ያኔ መንገድ ጀምራችሁ ቢሆን…» አለችና አዋላጇ ፊታችንን ስታይ ተወችው። ዓረፍተ ነገሩን ግን እኔ በየቀኑ እጨርሰዋለሁ።

በማግስቱ ሰቆጣ ሆስፒታል ግቢ ተቀምጬ ሳለ ከቢሮ ተደወለልኝ። እንግዶቹ መጥተው፣ እኔ ባልኖርም ከአንዷ ተማሪ ስልክ ግሩፑን አይተውት ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ! እንዴት ያለ ንጹሕ ግሩፕ ነው አሉ» አለኝ የደወለው ሰው። አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ግድግዳ ተደግፌ አለቀስሁ።

ወደ ቀበሌው ስመለስ መጀመሪያ አያ ኪሮስ ቤት ሄድሁ። ስለ እገዳውም ስለ ሁሉም ነገርኳቸው። አልተገረሙም። «ወንዙ ላይ ስትናገሪ ነው ያወቅሁት» አሉኝ። «ግን ይሄ ለእኔ የሚነገር ነው እንዴ? የሞተው የእኔ የልጅ ልጅ አይደለም። አገር ደንብ አለው፤ ድንጋይ ተሸክመሽ እሷ ፊት ትወድቂያለሽ።»

«ተማሪዎቼ ፊት?»

«ስትገሥጫት እነሱ ፊት አልነበር?»

በባለ ወልድ ቀን እማማ ታደለች ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍተው ክፍል መጡ። ሁሉም ተቀምጦ ሳለ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከበሩ ጎን ካለው ካብ አንድ ድንጋይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገባሁ። ከኋላ የተቀመጡት ማስተማሪያ መስሏቸው ሳቁ። አያ ኪሮስና የሰበካው ቄስ ተነስተው ከግራና ከቀኜ ሲቆሙ ሳቁ ጠፋ። እማማ ታደለች እግር ስር ተንበርክኬ፣ ጎንበስ ብዬ ተናገርሁ። መልእክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልሁ። እንዳይጽፉ የዘጋሁባቸውም እኔ ነኝ። ኔትወርክ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ለእናንተም አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ። «አላነበብሁትም፤ አየሁት ብቻ» ብዬ ነበር። ለመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን ሳጠፋ ግን ከጣቴ ስር አንዲት ቃል አይቻለሁ። «ልጄ» የሚለው የኽምጣኛ ቃል ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ከሥራ ሲገባ እናቴ እንዳትሰማው ቀስ ብሎ የሚጠራኝ በዚያች ቃል ነበር። አገውኛ መሆኑን በዚያች ቅጽበት አውቄዋለሁ። አውቄ ነው ያጠፋሁት፤ ሕጉ አማርኛ ብቻ ይላልና፣ እንግዳ ይመጣልና። ይህንንም ድንጋዩን ተሸክሜ ተናገርሁ።

እማማ ታደለች ፊታቸውን ወደ እኔ ዝቅ አደረጉ።

«ያቺን ቃል አውቀሻታል?» አሉኝ።

«አውቄያታለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አባቴ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ።»

እማማ ታደለች ያኔ ነው ያለቀሱት። ልጁ ሲቀበር ያላለቀሱ ሴት ናቸው። ድንጋዩን ከትከሻዬ ላይ የሚያነሳው የተበደለው ሰው ነው፤ ባያነሳው ግድ የሚለው የለም። ቄሱ «ስለ ወልድ ብለሽ» አሏቸው። እማማ ታደለች ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሱልኝ። «ይቅር ለእግዜር» አሉ፤ ድንጋዩን መሬት አስቀምጠው፣ ደብተራቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ወጡ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለቢሮው የሆነውን ጽፌ አስገባሁ፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው አቆዩኝ። ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር፤ ቢያባርሩኝም አልከራከርም። የግሩፑ ድምፅ ተከፍቷል። የፈለገ በኽምጣኛ ይጽፋል፤ እኔ ሳይገባኝ ሲቀር አያ ኪሮስን ወይም ሌላውን እጠይቃለሁ፤ እየሳቁ ያስተምሩኛል። አሁን በገበያ ቀን ንግግራቸውን እከተላለሁ። ግሩፑ ቢያዩት የተዝረከረከ ነው፤ ቀልድ፣ ዘፈን፣ የፍየል ፎቶ፣ ግማሽ ፊደል። አንዱንም አላጠፋም። ያልገባኝ ነገር ሲመጣ እደውላለሁ፣ አልነሳ ካለም እሄዳለሁ፤ ዘጠኝ ጊዜ ለባዶ ሄጃለሁ፤ አሥረኛውም ባዶ ቢሆን እሄዳለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ምክር ልሰጣችሁ አልችልም፤ ማን ነኝና። እኔ የተማርሁት ግን ይህን ነው፦ ሰው እንዲናገር አስተምሬ፣ የሚናገርበትን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ የዘጋሁት እኔው ነበርኩ። ድምፁን ዘጋሁ፣ ቋንቋውን ዘጋሁ፣ መጨረሻ ላይ ጣቱን ዘጋሁ። ያንን ሁሉ ሳደርግ ክፋት አልተሰማኝም፤ ጥሩ መምህር የሆንሁ ነበር የሚመስለኝ። የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው።

ዝማም ድና፣ ባሏም ተመልሶ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ክፍል ትመጣለች። ፈጣን ናት። እማማ ታደለችም አብረዋት ይመጣሉ፤ አጠገቧ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፣ ስትጽፍ ያያሉ፣ ሲስቁም አይቻለሁ። እርሳስ ግን አይነኩም። ስልካቸውንም ለዝማም ሰጥተዋታል። ባለፈው ሚካኤል፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ለምንድነው የማይጽፉት? አሁንም ከእኔ ተቀይመው ነው?»

«ይቅር ብዬሻለሁ መምህርት፤ በታቦት ፊት አልዋሽም» አሉኝ። «እጄ ነው እንቢ ያለኝ። አሁን የምለው ነገር ሲኖረኝ በእግሬ እሄዳለሁ። የሰውየውን ዓይን እያየሁ እነግረዋለሁ።»

«እግርዎ ሲደክምስ?»

ነጠላቸውን አስተካክለው ከበሩ ውጭ ያለውን ገደል ትንሽ አዩት።

«ያኔ ዝም እላለሁ» አሉኝ።